ፋይሉ ይቆይ፣ ፎልደሩ ይቀዳ

የተከበራችሁ የዶርዜ አባቶችና እናቶች፣ ከጨንቻና ከአርባ ምንጭ የመጣችሁ እንግዶች፣ ከአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ድረስ መንገድ መትታችሁ የደረሳችሁ ሸማኔዎች፣ የፎቶና የቪዲዮ ቤት ባለቤቶች፣ ተማሪዎች፤

አንድ ሰው ተነሥቶ «የዶርዜ ዘፈን የተቀዳበት ዲስክ የት ይገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ መልስ አታጡም። አንዱ የወንድሙ ሠርግ ዲቪዲ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይናገራል። ሌላው ሽሮ ሜዳ አጎቱ ዘንድ ያለውን ካሴት ያስታውሳል። ተማሪው ስልኩን አውጥቶ ባለፈው መስቀል የቀዳውን ያሳየናል። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ደግሞ መደርደሪያው ላይ በላስቲክ የታሰሩ ባለ ሃምሳ ዲስክ ጥቅሎች እንዳሉት ያውቃል፤ የትኛው ጥቅል የማን ሠርግ እንደሆነ ግን ጊዜ ወስዶ እያንዳንዱን ካልከፈተ አይናገርም። መልሱ ሁሉ እውነት ነው፤ የጎደለው መልሶቹ አብረው የሰፈሩበት አንድ ወረቀት ነው።

የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ድምፁንና ምስሉን ወደ አንድ ቦታ ለማጋዝ አትቸኩሉ። በመጀመሪያ የሚቀመጥበትን ባዶ አደረጃጀት ተስማምተን እንሥራና ለሁሉም እናድለው። በየቤቱ ያለውን ዲስክም ባለበት ሆኖ እንመዝግበው። መሰብሰብ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የባለቤቱን ልብ ይጠይቃል። ባዶ ፎልደርና ዝርዝር ግን ዛሬ ማታ አንዲት ፍላሽ ላይ ተጭነው ነገ አዲስ አበባ ሊደርሱ ይችላሉ።

ይህ ሐሳብ ከራሴ የፈለቀ አይደለም፤ የእናንተው ዘፈን ራሱ ያስተማረን ነው። ከዶርዜ የተቀዳ ድምፅ በሥርዓት ተመዝግቦ የተቀመጠበትን ስፍራ የሚፈልግ ሰው ወደ ፓሪስ መመልከት ግድ ይለዋል። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1970ዎቹ ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ-ዣኮብ ወደዚህ ተራራ መጥቶ በብዙ ድምፅ ተቀባብላችሁ የምትዘፍኑትን ቀዳ። ከቀረጻው የተመረጠው በ1977 ለ ሻን ዱ ሞንድ በተባለው አሳታሚ በሸክላ ወጣ፤ ሸክላው የፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከልና ሙዜ ደ ሎም የተባለው ሙዚየም በጋራ ያወጡት የነበረ ተከታታይ አካል ነው። የዚያ ሙዚየም የድምፅ ክምችት ዛሬ ክሬም በሚባለው የሙዚቃ ምርምር ማዕከል እጅ ሲሆን፣ ከ2011 ጀምሮ ቴሌሜታ በተሰኘ ሥርዓት በኢንተርኔት ተዘርግቷል።

የቴሌሜታን አሠራር ልብ ብላችሁ እዩት። ክምችቱ አራት ደረጃ አለው። ከላይ የአንድ ሰው ወይም ተቋም ጠቅላላ ክምችት አለ፤ ከሥሩ የአንድ ጥናት ስብስብ፣ ከዚያ አንድ የቀረጻ ጉዞ ወይም አንድ ዲስክ፣ ከታች እያንዳንዱ ዘፈን። ሁሉም መለያ ቁጥር አለው፤ በቁጥሩ ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል የታተመውን ካልታተመው ትለያለች። አንዳንዱን ድምፅ ማንም ከፍቶ ይሰማዋል፤ አንዳንዱ ፈቃድ ለሌለው ዝግ ነው። ዝግ በሆነውም ላይ ቢሆን ርዕሱ፣ ቦታው፣ ዓመቱና የቀዳው ሰው ይታያል። ድምፁን ባልሰማውም መኖሩን፣ የማን እንደሆነና ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ ማለት ነው። ይዘት የሌለው አደረጃጀት እንዲህ ያለ ጥቅም አለው። አንድ የዶርዜ ልጅ የአያቱን መንደር ድምፅ ለማግኘት ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ የፓሪስ ዝርዝር መሆኑ ግን ይቆረቁረኛል። እዚህ በእጃችን ላለው ደግሞ ያን ያህል እንኳ ዝርዝር የለንም።

ዝርዝር ከይዘቱ ተለይቶ መኖር እንደሚችል ከማንም በላይ ያሳዩን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና ሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ተስማምተው የአገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። መጽሐፉ ከየገዳሙና ከየደብሩ መጥቶ ፎቶው ይነሣና ተመልሶ ወደ ባለቤቱ ይሄድ ነበር። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ይቀር፣ አንዱ ሚኒሶታ ይሄድ ነበር። በዚህ መንገድ ከ8,000 በላይ ብራናዎች ተቀዱ። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1975 በደርግ ወታደሮች ተመትተው እግራቸው ሽባ ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሚኒሶታ ገብተው ሥራውን ያዙ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ፣ ፊልሙን ከፍተው እያነበቡ ምን መጽሐፍ እንደሆነ፣ ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደተጻፈ፣ ባዶ ገጹ ላይ ምን ማስታወሻ እንዳለ መዘገቡ። የታተመው ካታሎግ ብቻ አሥር ቅጽ ነው። ብራናው በእጃቸው አልነበረም፤ አገሩም ሩቅ ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለውን የአባ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል ለመጥቀስ ዛሬ የዓለም ተመራማሪ ሁሉ 1832 የሚለውን የማይክሮፊልሙን ቁጥር ይጠራል። መጽሐፉ ወሎ ነው፣ ፊልሙ ሚኒሶታ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ በሁሉም አገር አንድ ነው።

በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው ያ ወንጌል ራሱ፣ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍትን ዝርዝር በውስጡ ይዟል። ያለንን ቆጥረን የመጻፍ ልማድ ከፈረንጅ የተዋስነው አይደለም፤ አባቶቻችን የንዋየ ቅድሳቱንና የመጻሕፍቱን ቆጠራ ከሁሉ በላይ በሚከበረው መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ያሰፍሩት ነበር፤ እዚያ ያለውን ማንም ደፍሮ አይሰርዘውምና።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ፤ የቪዲዮ ቤት ባለቤቶችና ተማሪዎች ይህን ክፍል ጻፉት። ፎልደርን ያለ ፋይል መቅዳት ማለት ዋናውን ፎልደር፣ በውስጡ ያሉትን ንዑስ ፎልደሮች፣ ከእነዚያም ሥር ያሉትን፣ ስማቸውና ተዋረዳቸው ሳይለወጥ ወደ ሌላ ቦታ ማድረስ፣ ቪዲዮውንና ፎቶውን ግን ባለበት መተው ነው። የዶርዜን ቤት አስቡ። የቀርከሃው አካል ከእንሰት ሽፋኑ ጋር ከመሬት ተነሥቶ፣ ወንዶች ተሸክመውት ሌላ ቦታ ሲተከል፣ የከብቱ ስፍራ የከብት፣ የመኝታውም የመኝታ እንደሆነ ይቀራል፤ ዕቃው ብቻ ወጥቶ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ያለው ልዩነት አሮጌው ቤት ከነዕቃው ባለበት መቆሙና አዲሱ አጠገቡ መተከሉ ነው።

ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት በተሳሳተ መንገድ ነው። ያለፈውን ሠርግ ፎልደር ሙሉውን ይቀዱትና ከቅጂው ውስጥ ቪዲዮውን አንድ በአንድ ይሰርዛሉ። አንድ ቀን ድካም ላይ ሆነው ቅጂው መስሏቸው ዋናውን ይሰርዙታል፤ የሰው ሠርግም ይጠፋል። ዊንዶውስ ላይ ለዚሁ የተሠራ ትእዛዝ አለ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቱ። ኤክስኮፒ ብላችሁ ምንጩንና መድረሻውን ጻፉ፤ ከዚያ ስላሽ ቲ እና ስላሽ ኢ ጨምሩ። ቲ ፋይሉን ትቶ ተዋረዱን ብቻ እንዲቀዳ ያዝዛል። ኢ ደግሞ ባዶ የሆኑትንም ፎልደሮች እንዳይዘል ያደርጋል፤ ካልጨመራችሁት ባዶዎቹ ይቀራሉ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ አብሮ የሚመጣው ሮቦኮፒ ከዚህ ይበልጣል። ስላሽ ኢ ብላችሁ፣ በስላሽ ኤክስኤፍ ደግሞ ፋይል ሁሉ እንዲቀር ብታዙት ያንኑ ይሠራል።

ሮቦኮፒ ክሪኤት የሚባል ሌላ ምልክትም አለው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ክሪኤት ከስላሽ ኢ ጋር ሲታዘዝ ፎልደሮቹን ይቀዳል፤ ፋይሎቹንም በስማቸው ይፈጥራቸዋል፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው፣ መጠናቸው ዜሮ። አንድ ሙሉ ሃርድ ዲስክ የሚሞላ የሠርግ ቪዲዮ ስሙ ብቻ ተወስዶ ትንሽ ፍላሽ ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። ሽሮ ሜዳ ያለው ዘመዳችሁ ያንን ከፍቶ ጨንቻ ውስጥ ምን እንዳለ ፎልደር በፎልደር ያያል። አንዱን ቢፈልግ ስሙን ነግሯችሁ እሱኑ ብቻ ትልኩለታላችሁ። በሊኑክስና በማክ ደግሞ ፋይንድ የተባለው ትእዛዝ ፎልደሮችን ብቻ ለቅሞ ለኤምኬዲር ሲሰጠው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሚር የሚባለውን የሮቦኮፒ ምልክት ትርጉሙን ሳታውቁ አትንኩት፤ ምንጩ ውስጥ የሌለ ነገር መድረሻው ውስጥ ካገኘ ይሰርዘዋል፤ ባዶ ምንጭ ይዛችሁ ሙሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ብታዙት የሚሆነውን ገምቱ። ማንኛውንም የሮቦኮፒ ትእዛዝ ከመፈጸማችሁ በፊት ደግሞ ስላሽ ኤል ጨምሩበት፤ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ዘርዝሮ ያሳያችኋል እንጂ ምንም አይነካም።

እንግዲህ ባዶው አደረጃጀት ምን ይምሰል? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በዝግጅት መክፈል ነው፤ ሠርግ፣ መስቀል፣ ለቅሶ፣ የሐላቃ ሹመት፣ የሸማ ሥራ። እኔ ይህን አልመክርም። በመስቀል ሰሞን የተደረገ ሠርግ የት ይገባል? በሐላቃው በዓል ላይ የተዘፈነውስ? አንድ ፋይል በአንድ ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ አደራጁ አንድ መልስ ይመርጣል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሌላ መልስ ይመርጣል፤ ከዓመታት በኋላ ሁለት ዓይነት ሥርዓት ተደባልቆ ይቀራል። የቤተ መዛግብት ሰዎች ይህን ፈተና ቀድመው አይተውታል። ፈረንሳይ በ1841 ባወጣችው መመሪያ አንድ ተቋም ወይም ሰው ያስቀመጠው ሰነድ ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል በባለቤቱ እንዲደራጅ ደንግጋለች፤ ዛሬም የዓለም ቤተ መዛግብት ያን መሠረት ይከተላሉ።

ስለዚህ የኛም የመጀመሪያው ደረጃ ባለቤቱ ይሁን፤ የእገሌ ቪዲዮ ቤት፣ የእገሊት ቤተሰብ። ሁለተኛው ዓመቱ። ሦስተኛው የዲስኩ ቁጥር። ከዚያ በታች ባትወርዱ እመርጣለሁ። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ የአንድ ፋይል ሙሉ አድራሻ ከ260 ፊደል ገደማ ሲበልጥ ስለሚያስቸግር፣ ረጅም ስም ያላቸው ፎልደሮች እየተደራረቡ ሲሄዱ አንድ ቀን ፋይሉ አልከፈትም፣ አልቀዳም ይላል። ሠርግ ነው ወይስ መስቀል የሚለውን ፍለጋ ለካታሎጉ፣ ማለትም ለዝርዝሩ፣ ተዉለት። በካታሎግ አንድ መስመር ላይ ሠርግም መስቀልም ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ማንም በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ያገኘዋል። ፎልደሩ ስፍራውን ያመልክት፣ ካታሎጉ ይዘቱን። እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለአንዱ ብቻ መጫን ነው ክምችትን የሚያበላሸው።

ስለ ቀን ልናገር። ካሜራው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፋል፤ እናንተ በኛ ትናገራላችሁ። መስከረም 17 ቀን በአብዛኛው ሴፕቴምበር 27 ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ 28 ይሆናል። የባትሪዋ ኃይል ያለቀባት ካሜራ ከነጭራሹ ያልኖረችበትን ቀን ትመዘግባለች። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲቀዳ «የተፈጠረበት» የሚለው ቀን ወደ ቅጂው ቀን ይለወጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን ቀን ብቻ አትመኑ። በፎልደሩ ስም ላይ ራሳችሁ ጻፉት፤ ዓመቱ በፊት፣ ከዚያ ወሩ በሁለት አሃዝ፣ ከዚያ ቀኑ። እንዲህ ከሆነ ፎልደሮቹ በራሳቸው በዘመን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም የፎልደሩ አናት ላይ አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት ታሪክን በቀላሉ ያዛባል።

አንዳንድ የድሮ ሲዲ ስትከፍቱ የፋይሉ ስም በስምንት የእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ተቆራርጦ ታገኙታላችሁ። ሠሪው ስለሰነፈ አይደለም። የዲስኩ የመጀመሪያ ደረጃ ሕግ ከነጥቡ በፊት ስምንት፣ ከነጥቡ በኋላ ሦስት ፊደል ብቻ ይፈቅድ ነበር። ማይክሮሶፍት በኋላ ጆሊየት የተባለውን ጨምሮ ወደ 64 ፊደል አሳደገው። የኛ ፊደል ራሱ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ዲስክ ላይ በግዕዝ ፊደል ስም መጻፍ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ የተቆረጠውን ስም አትሰርዙት። በካታሎጉ ላይ እንዳለ ጻፉትና ከጎኑ ትክክለኛውን ርዕስ አክሉበት። ዲስኩን ሳትነኩ ስሙን መመለስ የሚቻለው በዝርዝሩ ላይ ነው።

የዶርዜን ዘፈን ስትመዘግቡ ደግሞ ሌላ ቦታ ብዙም የማይገጥም ችግር ይገጥማችኋል። ሙዚቃ ማጫወቻዎች ከኤምፒ3 ዘፈን ጋር የሚይዙት የመጀመሪያው የመረጃ ሥርዓት በ1996 የተሠራ ሲሆን፣ በፋይሉ ጫፍ ላይ 128 ባይት ብቻ ይወስዳል። ለርዕሱ 30 ፊደል፣ ለዘፋኙ 30፣ ለአልበሙ 30፣ ለዓመቱ 4፣ ለአስተያየት 30፣ ለሙዚቃው ዓይነት አንድ ቁጥር። በዝርዝሩ ያሉት ዓይነቶች 80 ነበሩ፤ ከምዕራቡ ዓለም ውጭ ያለው ብዙው ዘፈን ኤትኒክ በሚለው በቁጥር 48 ሥር ተጠቅልሎ ይገባል። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች አንድ ዘፋኝ፣ አንድ አልበም፣ አንድ ርዕስ ያለውን ዘፈን ነው ያሰቡት።

እናንተ ስትዘፍኑ ግን አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሦስተኛው ከላይ ይደርብበታል፣ ቀሪው ከሥር ይዞ ይቆማል። «ዘፋኝ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ማን ይገባል? ያነሣው ብቻ ከተጻፈ ሌሎቹ ሁሉ ጠፉ። «ኅብረት» ተብሎ ከታለፈ ደግሞ ሁሉም ጠፉ። ባለ ብዙ ድምፅ ዘፈን የሚዘፍን ሕዝብ የራሱን ካታሎግ ዓምዶች ራሱ ማውጣት አለበት። ማን አነሣ፣ ማን ተቀበለ፣ የየትኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ቆመው ነው ወይስ እየሄዱ፣ በምን አጋጣሚ፣ በምን ሰዓት፣ በየትኛው ዱቡሻ (የመሰብሰቢያ ሜዳ) ላይ፣ በየትኛው ቋንቋ፤ እነዚህን እየጠየቃችሁ ጻፉ። ለዚህ ሥራ የውጭ ባለሙያ አትጠብቁ፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ድምፁን ሰምተው የማን ድምፅ እንደሆነ ለይተው ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ሽማግሌና ላፕቶፕ የያዘ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዲመዘግቡ ነው የምለምነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ዲስኩ ቢነበብም ያ ድምፅ የማን እንደነበር የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላልና።

ስሞችን ስትጽፉ የኛ ሰው ስም በራሱ ስም ይጀምር እንጂ በአባቱ ስም አይገልበጥ። በፊደሉም ላይ ተስማሙ። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከመዘገበ ፈላጊው አንዷን አግኝቶ ሌላዋ የለችም ብሎ ይሄዳል። የትኛውን እንደመረጣችሁ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ከባዶው ፎልደር ጋር አብራችሁ አድሉ።

ስለ ዲስኩ ሕይወት ትንሽ ልጨምር፤ ለመመዝገብ ጊዜ አለን ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ባዶ ተገዝቶ በቤት የሚቀዳው ሲዲ በፋብሪካ ከሚታተመው የተለየ ነው። መረጃው የሚቀመጠው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ሌዘሩ ያንን ቀለም በማቃጠል ይጽፋል። ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት ቀለሙን ይጎዱታል። አርባ ምንጭ ላይ ሙቀቱ፣ እዚህ ላይ ጉሙና እርጥበቱ ሥራቸውን ይሠራሉ። ዲስኩ ላይ ወረቀት አትለጥፉ፤ ሙጫው ንጣፉን ይጎዳል፣ ሚዛኑንም ያዛባል። ቁጥሩን መሐል ባለው መስታወታማ ቀለበት ላይ ለዲስክ በተሠራ ለስላሳ ማርከር ጻፉ፤ ያንኑ ቁጥር በሽፋኑም ላይ ድገሙት። በላስቲክ አስራችሁ አትደርድሩ፤ እያንዳንዱን በራሱ ሽፋን አድርጋችሁ አቁሙት። አሁን የሚሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። ዲስኩ ደኅና ቢሆን እንኳ የሚያነበው መሣሪያ እየጠፋ ነው።

ስለዚህ ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተር በእጃችሁ ሳለ እያንዳንዱን ዲስክ አንድ ጊዜ ክፈቱና ዝርዝሩን ውሰዱ። ዲር የሚለው ትእዛዝ ከስላሽ ኤስ እና ከስላሽ ቢ ጋር የዲስኩን ፋይሎች ሁሉ ከነአድራሻቸው ይዘረዝራል፤ ውጤቱን ወደ ጽሑፍ ፋይል አዙራችሁ በዲስኩ ቁጥር ሰይሙት። ትሪ የሚለው ደግሞ ተዋረዱን በሥዕል መልክ ያወጣላችኋል። ቨርቹዋል ቮሊየምስ ቪው የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ ሰብስቦ ይይዝላችኋል። ዲስኩ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ እያለ የፋይሉን ስም ስትፈልጉ በየትኛው ቁጥር ዲስክ ውስጥ እንዳለ ይነግራችኋል። የማይነበብ ዲስክ ሲገጥማችሁም አትጣሉት፤ ቁጥር ስጡትና «አልተነበበም» ብላችሁ መዝግቡት። የሌላ ሰው ማንበቢያ ሊያነበው ይችላል፤ የሠርጉ ባለቤትም ሌላ ቅጂ እንዳለው ያን ጊዜ ይታወሰው ይሆናል።

የጎደለውን መመዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሸክላ ታሪካችን ያሳያል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ጀርመን አገር በርሊን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲጀምር ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ የአለማየሁ እሸቴ ነበር። ከዚያ እስከ 1978 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ 30 የሚሆኑ ትልልቅ ሸክላዎች እንደወጡ ያወቅነው፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ዓመታት ፈጅቶ አንድ በአንድ ስለዘረዘራቸው ነው። ከ1997 ጀምሮ የወጣው ኢትዮጲክስ የተሰኘው ተከታታይ ሲዲ በዚያ ፍለጋ ላይ የቆመ ነው። በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ የአሳታሚው ተራ ቁጥር አለ። በሁለት ቁጥሮች መሐል ክፍተት ሲገኝ፣ ሰብሳቢው ያላየው ሸክላ መኖሩን ይጠረጥርና ይፈልገዋል። ዝርዝር ባይኖር ኖሮ ያ ሸክላ ጠፋ የሚልም አይኖርም ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ዝርዝሩን መስጠት ንብረቴን መስጠት አይሆንም ወይ?» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የለቅሶ ዜማ ለማያውቁት ሰው ጆሮ አይሰጥም። የአንድ ቤተሰብ ሠርግ የዚያ ቤተሰብ ነው። የቪዲዮ ቤቱም ቀረጻ ሠሪው የደከመበት ሥራ ነው። እኔ ባዶውን አደረጃጀት የመረጥኩት በዚህም ምክንያት ነው። ባለቤቱ ዲስኩን ለማንም አይሰጥም፤ የሚሰጠው «ይህ እኔ ዘንድ አለ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ያንንም ሊደብቅ የሚፈልግ ካለ ቁጥሩን ብቻ አስቀምጦ «በቤተሰቡ ፈቃድ» ብሎ መጻፍ ይችላል። በካታሎጉ ላይ አንድ ዓምድ ለፈቃድ ይተው፤ ማን ሊሰማው እንደሚችል፣ ማን ሊቀዳው እንደሚችል፣ ስንት ዓመት ተዘግቶ እንደሚቆይ። ይህ ዓምድ ያልተሞላለት ዲስክ ለማንም እንዳይሰጥ ብንስማማ ጥሩ ነው።

አጀማመሩ ይህን ይመስላል። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ መለያ ፊደል እንስጥ፤ ለዶርዜ ዶ፣ ለጨንቻ ጨ፣ ለአርባ ምንጭ አ፣ ለሽሮ ሜዳ ሽ። እያንዳንዱ በራሱ ፊደል ከ1 ጀምሮ ይቁጠር፤ ዶ 14 እና ሽ 14 አይጋጩም። አንድ ዲስክ በሁለት ቦታ ቢገኝ ሁለቱንም ቁጥሮች እንያዝ፣ በካታሎጉ ላይም አንዱ ሌላውን ይጥቀስ፤ አንዱን ለመሰረዝ አንቸኩል፣ አንዱ ቅጂ የማይነበብ ሆኖ ሌላው ሊነበብ ይችላልና። ዝርዝሩን የሚያስታርቅ አንድ ሰው በየቦታው ይመረጥ። የማስታረቂያውም ቀን የታወቀ ነው፤ ሸማኔው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባው ለመስቀል ነው። ከሽሮ ሜዳ የሚመጣው የሽን ዝርዝር በፍላሽ ይዞ ይምጣ፣ የዶን፣ የጨንና የአን ይዞ ይመለስ። አዲስ ሰው ሊጀምር ሲፈልግ ደግሞ ከፋይል ነጻ የሆነውን ባዶ ፎልደር ይቀዳና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ሌላው ይሠራል።

ባዶውን ፎልደርና የካታሎጉን የኤክሴል ገጽ በዚህ ላፕቶፕ ላይ አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። ፍላሽ የያዛችሁ ወደዚህ ቅረቡ፣ እቀዳላችኋለሁ። ዲስክ ይዛችሁ የመጣችሁ በግራ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ ሂዱ፤ ማንበቢያው እዚያ ነው። አባቶች አጠገቡ ወንበር ተዘጋጅቶላችኋል፤ ድምፁ ሲከፈት ያነሣው ማን እንደሆነ ለልጆቹ ንገሯቸው።